በጨው የተሸጠ ልጅ

ጽጌማርያም በርበሬ ወቃጭ ነበረች። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ኮልፌ ገና ግማሹ ሰፈር ግማሹ ባሕር ዛፍ በነበረበት ጊዜ፣ ከገበያው አንሥቶ እስከ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ድረስ ብዙ ባለትዳሮች የዓመት በርበሬያቸውን የሚያስወቅጡት እሷን አስጠርተው ነበር። ቀጭን ናት፤ ትከሻዋ ግን ሰፊ ነው። ሙቀጫው ላይ ስትቆም አፍና አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ታስራለች፤ ከዚያ በኋላ የሚያነጋግራት ሰው መልስ አያገኝም። ኩራት ነው የሚሉ ነበሩ። ኩራት አልነበረም። አፏን ከከፈተች ብናኙ ጉሮሮዋ ይገባል። ደግሞም ብዙ የምትናገረው ነገር አልነበራትም።

የቢቸና ሰው ናት። ባሏ ተክለማርያም የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ተከትላው መጣች። እዚሁ ሁለት ልጆች ወለዱ፤ ሁለቱም የሞቱት ትንፋሽ አጥሯቸው ነው። እሙ ገና ጡት ሳትጥል፣ በሐምሌ ብርድ፣ ደረቷ ሲር ሲር እያለ ሰንብታ ሞተች። ወንድሟ መኳንንት ሲታመም ጎረቤቶች ቡዳ ነው አሉ። ሕፃኑን በጋቢ ሸፍነው ከሥሩ ፍም አስቀመጡ፤ ፍሙ ላይ የጎማ ቁራጭ ጨመሩበት።

«ይለፍልፍ! ማን እንደበላው ይናገር!» ይሉ ነበር።

ልጁ አልለፈለፈም። መጮኺያ ትንፋሽ እንኳ አልነበረውም። ሲርታው ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ ሲል፣ «ለቀቀው» ብለው ደስ አላቸው። ጋቢው ሲገለጥ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር።

ተክለማርያም ከቀብር ሲመለስ አካፋውን ግድግዳ ላይ አስደገፈና፣ «እኔ አፈር መዛቅ በቃኝ» አለ። ሦስተኛ ማርገዟን ሳትነግረው ወደ አገሩ ሄዶ ቀረ።

ልጅ የማይበረክትላት ሴት የወለደችውን ለሌላ ትሸጣለች። ሞት የሚያውቀው የእናትየውን ቤት ነው፤ ልጁ የሌላ ሰው ሲሆን በሩን ይስታል ይባላል። ገዢዋ ደግሞ ልጅ የማይሞትባት መሆን አለባት። ጽጌማርያም የተከራየችበት ግቢ ባለቤት ሸዋገነት እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። ከጉራጌ አገር በልጅነቷ መጥታ ኮልፌ ያደገች፣ የወለደቻቸው ሁሉ በሕይወት ያሉላት፣ ድምጿ ከግቢው አልፎ የሚሰማ ሴት። ባሏ ዱባለ መርካቶ ሱቅ አለው፤ እሷ ደግሞ በሯ ላይ ጨው፣ ላምባና ሳሙና ትቸረችራለች።

ሕፃኑ በተወለደ ማግስት ጽጌማርያም በመስኮት ለሸዋገነት አሳልፋ ሰጠችው። ሸዋገነት በዚያው መስኮት አንድ ጭብጥ ጨው መለሰች።

«ገዛሁ» አለች።

«ሸጥኩ» አለች ጽጌማርያም።

«የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ እትዬ።»

«እንዳትረሺ። ልጄ ብለሽ የጠራሽው ቀን ውሉ ፈረሰ። ከእጅሽ አይበላም፣ ከእጅሽ አይጠጣም…» እዚህ ላይ ሸዋገነት ቆም ብላ አሰበች። የእሷ ጡት ከደረቀ ቆይቷል። «ጡቱን ግን አንቺ ትሰጪዋለሽ። አጥቢ ሞግዚት ቀጥሬያለሁ፣ አለቀ። ምን ይላል ሞት? ሞግዚት አትቅጠሪ ይለኛል?»

ሁለቱም ሳቁ። ጽጌማርያም የሳቀችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነበር። ስሙንም ያወጣችው ሸዋገነት ናት፤ መሸሻ አለችው።

ልጁ ጡት ሲጥል የሸዋገነት ቤት ገባ። ጽጌማርያም በግድግዳው ወዲህ ቀረች። «እማዬ» ሸዋገነት ናት፤ እሷ «ጽጌ» ነበረች፣ እንደ ማንኛዋም የግቢ ሴት። ከሥራ ስትመለስ የበርበሬውን ቀሚስ ውጭ አውልቃ፣ እጇንና ፊቷን በሳሙና ታጥባ ነው የምታልፍበት። ስትታጠብ ልጁ መጥቶ አጠገቧ ይቆምና ውኃ ይረጫታል። «ሂድ ወደ እናትህ» ትለዋለች። ይሄዳል። እስኪገባ ድረስ ታየዋለች።

ሁለት ዓመቱን አልፎ የመጀመሪያው ብርድ ሲመታው፣ ያ ሲርታ በግድግዳው ወዲያ ማዶ ተሰማ። ጽጌማርያም ያንን ድምፅ ከሺ ድምፅ መሐል ታውቀዋለች። ሸዋገነት ግን ልጅ አሳድጋ የጠገበች፣ እንቅልፏ የከበደ ሴት ናት። ጽጌማርያም ግድግዳውን ትደበድብና፣ «እትዬ፣ ልጅዎ ይስላል፤ ቀና ያድርጉት» ትላለች። በማግስቱ ሸዋገነት፣ «ከኔ ልጅ ምን አለሽ፣ አንቺ የሌት ዘበኛ!» እያለች ትቀልድባታለች። ክረምቱ እንዲህ አለፈ።

ከዚያ ኅዳር ደረሰ፤ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን። የዛሬ ልጆችም ያውቁታል። በዚያ የኅዳር በሽታ ሕዝብ ካለቀ ወዲህ፣ በዓመቱ ቀን ከተማው በሙሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ደጅ ያቃጥላል፤ ጢሱ በሽታን ያባርራል ተብሎ። የዚያን ቀን ጠዋት ኮልፌ ውስጥ ያልጨሰ ግቢ አልነበረም። እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የበሰበሰ ሰሌን፣ የዶሮ ላባ፣ አሮጌ ጫማ፣ ሁሉም ይነዳል። ሸዋገነት የግቢውን ክምር በገዛ እጇ ለኩሳ፣ ልጁን ለጽጌማርያም ትታ ወደ መርካቶ ወረደች።

ጢሱ ከቅጥሩ በላይ አልሄደም፤ ግቢው ውስጥ ተኛ። ጽጌማርያም ልጁን ይዛ ቤት ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ሥንጥቁን በጨርቅ ወተፈች። ጢሱ በጣሪያው ገባ። መሸሻ መሳል ጀመረ። ሳሉ አለቀና ሲርታው ተተካ። የአፍንጫው ቀዳዳዎች ይከፈታሉ ይዘጋሉ። ከአንገቱ ሥር ያለው ጎድጓዳ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ሆዱ ከጎድን አጥንቱ በታች እየተሳበ ይገባል። ሊያለቅስ አፉን ከፈተና ተወው።

አቅፋው ወደ ድሬሰር ፈቀደ ቤት ሮጠች። ፈቀደ የጦር ሠራዊት ሐኪም ቤት አገልግሎ የወጣ፣ በቤቱ መርፌ የሚወጋ ሰው ነው።

«የማን ልጅ ነው?»

«የእትዬ ሸዋገነት።»

«እሷስ?»

«መርካቶ ናት።»

ጆሮውን ልጁ ጀርባ ላይ ለጠፈ። «አስም ነው። የትንፋሽ ቧንቧው ጠቧል። እዚህ ቢሆን ኦክስጅን የለኝ፣ ምን የለኝ። በዚያ ላይ ይኸን ሁሉ ጢስ ለቃችሁበት!» ሳጥኑን ከፍቶ በወረቀት የተጠቀለሉ፣ ሰም የሚመስሉ ሁለት ነጭ መድኃኒቶች አወጣ። «በመቀመጫው ታስገቢለታለሽ። አንዱን አሁን። ሌላውን ካልተሻለው ማታ፣ ከዚያ በፊት እንዳትነኪው። ካልሆነ ግን ሐኪም ቤት ውሰዱት። ስሚ ደግሞ፤ ሐኪም ቤት ከሄዳችሁ መጀመሪያ የምትነግሩት ይኸንን ነው። እነሱ በደም ሥር የሚሰጡት መርፌ የዚሁ ወንድም ነው። ሁለቱ ከተደራረቡ ልቡን ያቆሙታል። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

የመጀመሪያውን እዚያው፣ በፈቀደ አልጋ ላይ ሰጠችው። ከእጅሽ አይበላም፣ ከእጅሽ አይጠጣም የተባለችውን እያወቀች ሰጠችው። መብልም መጠጥም አይደለም ብላ ራሷን አታለለች። ቤት ተመልሳ አቅፋ ተቀመጠች። ልጁ አልተሻለውም። የጎረቤት ጢስ ገና መነሣቱ ነበር። ማታ ሩቅ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ሁለተኛውንም ሰጠችው።

ሸዋገነት ከመርካቶ ስትመለስ የመሸሻ እጆች ይንቀጠቀጡ ነበር። ዘንቢሏን በር ላይ ጣለች።

«ምን ሆኖብኝ ነው? ምን ሰጠሽው?»

ጽጌማርያም የልጁን ከንፈር አየች። አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ በእጄ ሰጠሁት ብትል፣ ውሉን በአፏ ማፍረሷ ነው። ሞት ደግሞ እዚሁ ደጅ ቆሟል።

«ምንም» አለች። «ምንም አልሰጠሁትም።»

በጋሪ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በታክሲ ሄዱ። መንገዱ ግራና ቀኙ ይጨሳል። ባለታክሲው በመስተዋቱ እያያቸው፣ «ዛሬ እኮ በሽታ የሚባረርበት ቀን ነው፤ እናንተ አቅፋችሁት ትዞራላችሁ?» አለና ሳቀ። ዞር ብሎ ልጁን አየ። ከዚያ በኋላ ጡሩንባውን እየነፋ ነዳ።

ከተማው መሐል ሲደርሱ ሲርታው ቆመ።

«ተመስገን» አለች ሸዋገነት። «ቀለለው መሰለኝ። ድምፁ ጠፋ።»

የመኳንንትም ድምፅ እንዲሁ ነበር የጠፋው። «እትዬ፣ አልቀለለውም» አለች ጽጌማርያም። «ባለታክሲውን ቶሎ ይንዳ ይበሉት። አየሩ መግባቱን ትቶ ነው።»

ሆስፒታሉ የመንግሥት ነበር። የሕፃናት ክፍል በር ላይ ካፖርት የለበሰ ዘበኛ ቆሟል። ሸዋገነት ልጁን እንዳቀፈች ስትገባ እጁን ዘርግቶ ጽጌማርያምን አስቀራት።

«እናት ብቻ። አንቺ ምኑ ነሽ?»

«ሠራተኛ ነኝ።»

«ሠራተኛ ውጭ።»

በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ። አግዳሚው ላይ ልጅ የታቀፉ ሴቶች ተደርድረዋል። ጽጌማርያም አልተቀመጠችም። የሐኪሙ ድምፅ ይሰማታል፤ ወጣት ነው፣ ፈጠን ብሎ ይናገራል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው? መድኃኒት ወስዷል?»

«ምንም አልወሰደም ዶክተር። እኔ እንደመጣሁ ነው ይዤው የሮጥኩት።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«የገዛ ልጄን!»

«ሲስተር፣ ኦክስጅኑን አቅርቢ። አሚኖፊሊን በደም ሥር፣ አሁን።»

ጽጌማርያም ስሙን አታውቀውም። በደም ሥር ሲል ግን ሰማች።

«ጋሼ፣ ልግባ» አለች።

«ውጭ አልኩሽ እኮ።»

«መድኃኒት ወስዷል። እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

«እናቱ አልወሰደም ስትል ሰምቻለሁ። ከእናቱ አንቺ ልትበልጪ ነው?»

«እናቱ እኔ ነኝ።»

ዘበኛው ወደ አግዳሚው ዞረ። «ስሙልኝ እስቲ! እናቱማ ገብታለች። አንድ ልጅ ስንት እናት ሊኖረው ነው?» ከአግዳሚው አንዲት ሴት ሳቀች።

ጽጌማርያም ጮኻ አታውቅም። ልጆቿን ስትቀብር እንኳ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም። አሁን የወጣው ጩኸት ለራሷም እንግዳ ነበር።

«የወለድኩት እኔ ነኝ! ልጄ ነው! ልጄን እንዳትወጉብኝ! መሸሻ ልጄ ነው!»

በሩ ተከፈተ፤ ሐኪሙ መርፌውን እንደያዘ ቆሟል። ጽጌማርያምን አየ፣ ወደ ሸዋገነት ዞረ።

«ይህች ሴት ማን ናት?»

ሸዋገነት ፊቷ አመድ መሰለ። እብድ ናት ብትል፣ ሠራተኛዬ ናት፣ አትስሟት ብትል፣ ውሉ ምናልባት ይድን ነበር። ልጁን አየችው።

«የወለደችው እሷ ናት» አለች።

ጽጌማርያም በዘበኛው ክንድ ሥር ሾልካ ገባች። «ሁለት» አለች። «ድሬሰር ፈቀደ የሰጠኝን፣ በመቀመጫው። አንዱ ጠዋት። ሁለተኛውን ማታ ብሎኝ ነበር፣ አልጠበቅኩም።»

ሐኪሙ መርፌውን ትሪው ላይ አስቀመጠ። ማዳመጫውን የልጁ ደረት ላይ አድርጎ ረዥም ጊዜ ቆየ። «ልቡ ይሮጣል» አለ ለነርሷ፤ «ይኸን ብሰጠው ኖሮ…» «አድሬናሊን፣ በጣም ትንሽ፣ ከቆዳ ሥር። ኦክስጅኑ ከፊቱ እንዳይነሣ። አታስተኙት፤ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። ማን ይይዘዋል?»

«እናት፣ ነይ አንቺ ያዢው» አለች ነርሷ፤ ያየችው ጽጌማርያምን ነበር።

ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ጀርባው ደረቷ ላይ። በጎማው ቱቦ ኦክስጅኑ እየተንሿሿ ይመጣል። ልጁ አስታወከ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኖቹ ወደ ላይ ተሰቀሉ። ነርሷ ጭብጥ የማያክለውን ክንዱን ይዛ ወጋችው። ጠበቁ። ሐኪሙ ልቡን እያዳመጠ ጥቂት ቆይቶ እንደገና አስወጋው። እንደገና ጠበቁ። ጽጌማርያም የራሷን ትንፋሽ ይዛ ነበር፤ ስትለቀው ልጁ የሚወስድባት ይመስል። ከዚያ ከልጁ ደረት ቀጭን ነገር ተሰማ። ሲር አለ። ጠፋ። ደግሞ ሲር አለ።

ሸዋገነት ደነገጠች። «ተመለሰበት!»

«ይመለስበት» አለ ሐኪሙ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ። «ድምፅ ካለ አየር እየገባ ነው። እኔን ያስፈራኝ ዝምታው ነበር።»

በሚቀጥሉት ቀናት መሸሻ ዳነ። በክንዱ የሚገባው ውኃ ቀስ እያለ ተንጠባጠበ፤ ከንፈሩ ወደ መልኩ ተመለሰ። ነርሶቹ ጽጌማርያምን ስሟን አልጠየቋትም። «የመሸሻ እናት፣ ሙቀቱን እንለካው።» «የመሸሻ እናት፣ ወተቱን አጠጪው።» ይህን ስም በተጠራች ቁጥር ሰው ከኋላዋ እንደመታት ትደነግጣለች፤ ወደ በሩ ትመለከታለች። ሸዋገነት ከአልጋው ማዶ የልጁን ጫማ ይዛ ትቀመጣለች። ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ ከጽጌማርያም ትከሻ በላይ አሻግሮ እያየ፣ «እማዬ የታለች?» ይላል። «ይቻትና» ትለዋለች ጽጌማርያም፤ አልጋውን ትለቃለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልጁ ተኝቶ ሳለ፣ ሁለቱ ሴቶች በረንዳው ላይ ቆሙ።

«ልጄ አልሽ» አለች ሸዋገነት።

«አልኩ፣ እትዬ።»

«ያ ሁሉ ሰው ሰማ።»

«ሰማ።»

«ባትይ ደግሞ ይኸኔ…» ሸዋገነት ሻሿን ፈታ እንደገና አሰረችው። «በቦታሽ ብሆን እኔም እል ነበር። እንደገና እንሽጠው? በመስኮት እንደገና ልቀበልሽ?»

«መሸጡን ማን ያምነናል?» አለች ጽጌማርያም። «ግድግዳ ወዲያና ወዲህ ሆነን፣ እኔ ሌት ተቀን እያዳመጥኩ፣ እርስዎ ሞግዚት ናት እያሉ። ሽያጭ አልነበረም፣ እትዬ። ጨዋታ ነበር። አሁን የማን እንደሆነ በአፌ ተናግሬያለሁ። ሞት ቤቴን ያውቀዋል።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

ልጁ ከሆስፒታል በሚወጣበት ጠዋት ጽጌማርያም ቀድማ ግቢው ደረሰች። ያላት ዕቃ በአንድ ጋሪ የሚሞላ አልነበረም። ወደ ዘነበወርቅ በኩል፣ ከቆሻሻ መድፊያው ብዙ ሳይርቅ፣ ርካሽ ቤት ተከራየች። የምትተኛው እሷ ብቻ ስለሆነች የሚቃጠለው ቆሻሻ ጢስ አላሳሰባትም። እዚያም በርበሬ መውቀጧን ቀጠለች። ልጅ አለሽ ወይ ሲሏት፣ «ሁለት ነበሩኝ፣ ሞቱ» ትላለች። ሦስተኛ አትቆጥርም።

ሸዋገነት ያገኘቻት በሚቀጥለው ክረምት፣ ዝናቡ ባረፈበት ቀን ነው። ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ለቅልቋታል። ሰላምታ ሳትጨርስ አለቀሰች።

«ታሞብኝ ነበር። ሲጀምረው አልሰማሁም፣ ተኝቼ። ዱባለ ነው የቀሰቀሰኝ። ሐኪም ቤት ወስደን ተረፈ። ጽጌ፣ ተመለሺ። እኔ ያንን ድምፅ አላውቀውም። አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ጽጌማርያም እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አልተመለሰችም። ግን ሸዋገነትን ግንድ ላይ አስቀምጣ አስተማረቻት። ከአንገት ሥር ያለውን ጎድጓዳ በጣቷ ነካችላት። «እዚህ ጋ ሲሰምጥ እንዳይጠብቁ። ሆዱ ከተሳበ ልብሱን እስኪለብስ እንኳ እንዳይጠብቁ። ኅዳር ሲታጠን ልጁን ከሰፈር ያውጡት፣ ሱሉልታም ቢሆን ይሂድ። ፍም አጠገቡ አይቅረብ። እንደኔ በግድግዳው በኩል አይደለም፣ ደረትዎ ላይ አስደግፈው ይተኙ፤ ያኔ ይሰማዎታል። የወሰደውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ። ዝም ካለ…»

«ዝም ካለ ይብሳል» አለች ሸዋገነት።

«አዎ። እንግዲህ ያውቁታል።»

ሸዋገነት ተነሣች። ትንሽ አመነታች። «አስፋልቱ ላይ ታክሲ ውስጥ ነው፣ ከዱባለ ጋር። በሩቁ እይው። አታናግሪው፣ እይው ብቻ።»

ጽጌማርያም ወደ አስፋልቱ አልዞረችም። «በርበሬ ተሰጥቶብኛል» አለች፤ ወደ ጓሮ ገባች።

ሙቀጫው በግማሽ ተሞልቶ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አሰረች፣ ዘነዘናውን ያዘች። ከመንገዱ በኩል አንድ ሕፃን ሲስል ሰማች። እርጥብ ሳል ነው፤ ከሆድ የሚመጣ፣ አየር ያለው። ነፋሱ የበርበሬውን ብናኝ ወደዚያ እንደሚወስደው አየች። ዘነዘናውን ሳታነሣ፣ ታክሲው ሞተሩን አስነሥቶ እስኪርቅ ድረስ፣ እዚያው ቆመች።